ሰሊጥ በአራት ገጽ
ዲጂታል ፎቶግራፍ፣ በወረቀት የታተመ። ሳንጃ፣ ታች አርማጭሆ

ምንጣፍ የሚመስለው ይህ ሥራ መነሻው ተራ ፎቶ ነው፦ ሳንጃ አካባቢ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ የቆመ የሰሊጥ ነዶ። ሰሊጥ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይታጨዳል፤ ከዘገየ ፍሬው ማሳው ላይ ይረግፋል። ነዶው ሲደርቅ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል።

ኮምፒውተሩም የሠራው መዘቅዘቅ ነው። ከፎቶው አንዲት ቁራጭ ተወስዳ በፎቶሾፕ ተባዛች፤ ቅጂዋ ወደ ጎን ተገልብጣ ከዋናዋ ጋር ተጋጠመች። ጥንዱ እንደገና ተባዝቶ ወደ ታች ተገለበጠ። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ጊምፕ በተባለው ነፃ ፕሮግራምም ይሠራል። ከባዱ ምርጫው ነው፤ የመቁረጫው መስመር ጥቂት ፈቀቅ ቢል ፍጹም ሌላ ሥዕል ይወጣል።

መሃሉን ጠጋ ብለው ይዩት። የነዶው ማሰሪያ ቋጠሮ አራት ሆኖ ሁለት ጥንድ ዓይን ሠርቷል። ከላይና ከታች ክንፋቸውን የዘረጉት ጥቋቁር ቢራቢሮዎች ደግሞ የአጫጁ የላስቲክ ጫማ ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1817 የፈጠራ መብት ያገኘበት ካሌይዶስኮፕ የተባለው መሣሪያ ይህንኑ ማባዛትና መገልበጥ የሚሠራው በእውነተኛ መስታወት ነው። የእኛ ደብተራዎች ግን የጠልሰሙን፣ ማለትም የክታቡን ሥዕል፣ ግራና ቀኝ በብራና ላይ የሚያመሳስሉት በእጃቸው ነው፤ ስለዚህ አንዱ ዓይን ከሌላው ትንሽ ይሰፋል፣ አንዱ መስመር ይወፍራል። እውነቱን ለመናገር የእነሱ ይበልጣል፤ የሰሊጡ ዓይኖች ከመጠን በላይ እኩል ናቸው።