ባለሞተር ቾፐር ብስክሌት

ባለሞተር ቾፐር ብስክሌት በቾፐር ቅርጽ በተሠራ ብስክሌት ላይ ትንሽ ሞተር በመግጠም የሚሠራ ተሽከርካሪ ነው። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ሲ.ሲ. ያነሰ የቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ ፔዳሉ ስለማይነሳ ነጂው በእግሩም በሞተርም መሄድ ይችላል። ቾፐር ብስክሌት የሚታወቀው ከፍ ባለ መሪው፣ ወደ ኋላ በተዘረጋ ረጅም ኮርቻው፣ ወደ ፊት ባዘነበለ ፎርኬላው (የፊት ጎማውን በሚይዘው ሹካ) እና ብዙ ጊዜ መጠናቸው በሚለያይ ሁለት ጎማዎቹ ነው። ቅርጹ የተመረጠው ለመልክ ስለሆነ ሞተር ሲጨመርበት ከተራ ብስክሌት ይልቅ ያስቸግራል። ሞተሩን ማስነሳት ቀላል ነው፤ ከባዱ ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ መያዝና በጊዜ ማቆም ነው።

ታሪክ

ሞተርን በብስክሌት ላይ መግጠም ከቾፐር ቅርጽ በብዙ ይቀድማል። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ዊዘር የተባለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1939 ለገበያ ቀረበ፤ ገዢው በራሱ ብስክሌት ላይ የሚገጥመው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነዳጅና መኪና ባጠረባቸው አገሮች ይህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ ተስፋፋ። በፈረንሳይ ቬሎሶሌክስ ሞተሩን ከፊት ጎማው በላይ አስቀመጠ፤ በጣሊያን ደግሞ ዱካቲ «ኩቾሎ» ማለትም ቡችላ የተባለውን ባለ 48 ሲ.ሲ. ሞተር አመረተ። በጃፓን ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1946 ከጦር ሠራዊት የተረፉ የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን ገዝቶ ብስክሌት ላይ ገጠመ፤ ለመጀመሪያው ሙከራ የቤንዚን መያዣ ያደረገው በብርድ ጊዜ አልጋ የሚሞቅበትን የሙቅ ውኃ ዕቃ ነበር። የሆንዳ ኩባንያ መነሻ ይኸው ሥራ ነው።

የቾፐር ቅርጽ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በካሊፎርኒያ የሞተር ሳይክል ባለቤቶች ከፋብሪካ የወጣውን ሞተር ሳይክል ቆራርጠው በራሳቸው መልክ ይሠሩት ነበር፤ ስሙም «መቁረጥ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ልጆችም በትናንሽ ብስክሌቶቻቸው ላይ ከፍ ያለ መሪና ረጅም ኮርቻ መግጠም ጀመሩ። ሽዊን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ስቲንግሬይን አወጣ። የእንግሊዙ ራሌይ ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ገበያ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝ፣ ራሌይ ቾፐርን አቀረበ። የራሌይ የፊት ጎማ 16 ኢንች፣ የኋላው 20 ኢንች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሽዊን ስቲንግሬይን በአዲስ መልክ መልሶ አወጣው፤ የኋላ ጎማው ስፋት 4.25 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር። በቻይና የሚመረቱ ርካሽ የሞተር ዕቃዎች በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ስለተስፋፉ ሁለቱን ማጣመር ለብዙ ጓሮ ሠራተኞች ተቻለ።

የሞተሩ አሠራር

በብዛት የሚገጠመው ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። «80 ሲ.ሲ.» ተብሎ የሚሸጠው ሞተር በእርግጥ 80 ሲ.ሲ. አይደለም። የሲሊንደሩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 38 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሒሳቡ ወደ 66 ሲ.ሲ. ይመጣል። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ከሞተሩ ጋር ከሚዞር ማግኔት ነው። ነጂው የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨብጦ በፔዳል ይሄዳል፤ እጀታውን ሲለቅ የኋላ ጎማው ሞተሩን አዙሮ ያስነሳዋል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር የራሱ የዘይት ቋት ስለሌለው ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል። ሞተሩ አዲስ ሳለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት፣ ከተለማመደ በኋላ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨመራል። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሞተሩ ይነክሳል። በጉዞ ላይ ሞተሩ ሲነክስ የኋላ ጎማው በድንገት ስለሚቆም፣ ነጂው ወዲያው ፍሪሲዮኑን መጨበጥ አለበት።

በቾፐር ላይ ሲገጠም

የሞተር ዕቃው የታሰበው ለተለመደው ብስክሌት ነው፤ ሁለት ቀጥ ያሉ የብረት ቱቦዎች በታች ተገናኝተው በሚፈጥሩት ማዕዘን መካከል ሞተሩ ይቀመጣል። የቾፐር አካል ግን ብዙ ጊዜ የተጠማዘዘ ወይም ወፈር ያለ አንድ ቱቦ ነው። አንዳንዶች ቱቦውን በስተው ብሎን ያስገባሉ። ይህ ሊወገድ የሚገባው ዘዴ ነው፤ የቱቦው ግድግዳ ስስ ስለሆነ በቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ የባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረትም ስንጥቁን ያፋጥነዋል። ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ቆርጦ ቱቦውን ከሁለት ወገን በማቀፍ ማሰር ይሻላል። ሞተሩን ከኮርቻው ፊት ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥም ጥቅም አለው፤ የቾፐር ነጂ ክብደት በኋላ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ የፊት ጎማው ይቀለዋል፣ ከመሃል የተቀመጠ ሞተር ይህን በጥቂቱ ያስተካክላል። ከኋላ ጎማ በላይ የሚቀመጥ ሞተር ግን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ችግር ካቴናው ነው። የሞተሩ ካቴና በግራ በኩል ያልፋል፣ የፔዳሉ ደግሞ በቀኝ። የኋላ ጎማው እንደ አዲሱ ስቲንግሬይ ሰፊ ከሆነ የሞተሩ ካቴና ጎማውን ይፍቃል። መፍትሔው በሞተሩና በጎማው መካከል አጭር ዘንግ በኩሽኔታ አስሮ ካቴናውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ በዚህም ጊዜ ሁለት ካቴናዎች ያስፈልጋሉ።

ካቴናው የሚጎትተው ባለጥርስ ክብ ብረት (ኮሮና) በጎማው ራጆች ላይ በላስቲክ ተጣብቆ ይታሰራል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ካልተስተካከለ ይወላገዳል፣ ራጆቹንም ይሰብራል። በማዕከሉ ላይ በቀጥታ የሚታሰረው ዓይነት የተሻለ ነው። ከዚህም የከፋው የካቴና መወጠሪያው ነው። መወጠሪያው በብስክሌቱ የኋላ ቱቦ ላይ በብሎን ብቻ ስለሚታሰር፣ ብሎኑ ሲላላ ዞሮ ራጆቹ ውስጥ ይገባና ጎማውን ያቆመዋል። ካቴናውን በሚገባው ልክ ቆርጦ መወጠሪያውን ጨርሶ ማስቀረት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በማንኛውም ሁኔታ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ብሎንና ዳዶውን ሁሉ እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው።

የጎማ መጠንና ፍጥነት

በተለመደው ዕቃ ውስጥ ሞተሩ ራሱ 4.1 ጊዜ ዞሮ ትንሹን ባለ 10 ጥርስ ክብ አንድ ጊዜ ያዞራል፤ የኋላው ክብ 44 ጥርስ ስላለው አጠቃላይ ቅነሳው 18 ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ጎማው 222 ጊዜ ይዞራል። በ26 ኢንች ጎማ ይህ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቾፐሩ 20 ኢንች ጎማ ግን 21 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቾፐሩ ዳገት ላይ ይበረታል፣ ሜዳ ላይ ይዘገያል። ባለ 32 ጥርስ ክብ ቢገጠም ፍጥነቱ እንደገና ወደ 29 ያህል ይወጣል፣ የዳገት ኃይሉ ግን ይቀንሳል።

ፍሬንና ሚዛን

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ቾፐሮች የተሠሩት ለልጆች ዝግታ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ያላቸው ፔዳልን ወደ ኋላ በመግፋት የሚሠራ የኋላ ፍሬን ብቻ ነው። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማው መሬት መያዝ ያቅተውና ይንሸራተታል፤ የፔዳሉ ካቴና ከወለቀ ደግሞ ይኸው ፍሬን ጨርሶ አይሠራም። ስለዚህ ሞተር ከመገጠሙ በፊት ጥሩ የፊት ፍሬን መኖር አለበት።

የመሪው ቁመትም ቸል የሚባል አይደለም። የመጀመሪያው ራሌይ ቾፐር ያለ ሞተርም ቁልቁለት ላይ መሪው ይርገበገብ ነበር፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ሁለተኛ ዓይነት ኮርቻውን ወደ ፊት አስጠግቷል።

ሕግ

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያለ ምዝገባ የሚነዳው ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝ፣ ከ250 ዋት ያልበለጠና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆም የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ግን እንደ ትንሽ ሞተር ሳይክል ይቆጠራል፤ በዚያ ክፍል ወሰኑ 50 ሲ.ሲ. እና 45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በመሆኑም 66 ሲ.ሲ. የሆነው ሞተር ከክፍሉ ውጭ ይወድቃል። በካሊፎርኒያ ባለሞተር ብስክሌት በሰዓት ከ30 ማይል መብለጥ የለበትም፤ ነጂውም የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድና ልዩ ሰሌዳ ያስፈልገዋል።