ማዕድን ሊማር ሄዶ ሠዓሊ ሆኖ የተመለሰው ልጅ፦ የሥዕል ትምህርት ቤት ምርጫ ታሪክ ምን ያስተምራል?

ጀውሃ ላይ፣ በደሴ መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የደጋው አፋፍ እንደ ግንብ ተገትሮ ይታየዋል። ከታች ማሽላና ማሾ፣ ሙቀትና አቧራ፤ ከላይ ጉምና ብርድ። ያንኑ አፋፍ ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲኬድ አንኮበር ትገኛለች፤ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ከማዛወራቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት ከተማ የነበረችው አንኮበር። በ1932 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚያች ከተማ አንድ ልጅ ተወለደ። አፈወርቅ ተክሌ ተባለ።

ልጅነቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን አለፈ። በ1947፣ ገና በ15 ዓመቱ ገደማ፣ መንግሥት ወደ እንግሊዝ ላከው። የተላከው ግን ሥዕል እንዲማር አልነበረም። የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር።

ዛሬ ከጀውሃ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከካራቆሬ እስከ አጣዬ ባሉ ቤቶች ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። ልጁ ደብተሩን በሥዕል ይሞላል። አባት "ምህንድስና ወይም ጤና ይሻልሃል" ይላል። እናት ደግሞ ቀስ ብላ "ለመሆኑ ሥዕል የሚማሩት የት ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ውስጥ አለ። ችግሩ ታሪኩን የምናውቀው በሽልማትና በሐውልት በኩል እንጂ በምርጫው በኩል አለመሆኑ ነው።

▪️ ትምህርት ቤት ሳይኖር

ከሃያኛው ክፍለ ዘመን በፊት "የትኛው የሥዕል ትምህርት ቤት ይሻላል?" የሚባል ጥያቄ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ መምህሩ ነበር። ተማሪው መምህሩ ባለበት ደብር ሄዶ ይጠጋል፣ ቀለም ይፈጫል፣ ብራና ያለሰልሳል፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የጥጥ ጨርቅ ያዘጋጃል። ከዚያ የመምህሩን ሥራ እያየ ይገለብጣል። እጁ ሲጸና የቅዱሳኑን ልብስ፣ በኋላም ፊታቸውን እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ዓመታት ይወስዳል፤ የምስክር ወረቀት የለውም። ማስረጃው የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ራሱ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለሠዓሊው ክብር ብትሰጥም፣ ሌላው የእጅ ባለሙያ በሰፊው ኅብረተሰብ ዘንድ የተናቀ ነበር። ይፋት የሸማኔዎች አገር ነው፤ የአርጎባ ሸማ ስም ያለው ነው። ነገር ግን ሸማኔውና ቀጥቃጩ በየአገሩ በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አባት ልጁ ምህንድስና እንዲማር የሚገፋው የገቢ ስሌት ብቻ ይዞት አይደለም። "በእጅ ሥራ ማደር" የሚለው ነገር ከአያቶቹ የወረሰው ፍርሃት አለው። ይህን ሳይረዱ ወላጅን ኋላ ቀር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

▪️ መንገዱን የቀየሩት

ወደ አፈወርቅ እንመለስ። እንግሊዝ አገር መምህራኑ የሥዕል ተሰጥኦውን አዩና አበረታቱት። ማዕድኑ ቀረ። ሎንደን በሚገኘው የሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን፣ ቅርፃ ቅርፅንና ሥነ ሕንፃን ተማረ።

የሚረሳው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አፈወርቅ አገራቸው ተመልሰው በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽናቸውን አቀረቡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ትምህርቴን ጨርሻለሁ" ይላል። እሳቸው ግን እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በሌሎችም አገሮች ሲዘዋወሩ የባለቀለም መስታወት ጥበብ ተማሩ። በሎንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን በሥዕል ያጌጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ገልጠው አጠኑ። የአንኮበሩ ልጅ የአያቶቹን የብራና ሥዕል ያጠናው በባዕድ አገር መደርደሪያ ላይ ነው። የዚያ ሁለተኛ ትምህርት ፍሬ አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ይታያል። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳየው ባለቀለም መስታወት የተሠራው ከስሌድ የምስክር ወረቀት ብቻ አይደለም።

ገብረክርስቶስ ደስታም የሄዱት ተመሳሳይ መንገድ ነው። በ1932 ሐረር የተወለዱት ገብረክርስቶስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እርሻ ማጥናት ጀምረው ነበር። ትተውት ወጡ። በ1957 ወደ ጀርመን ሄደው በኮሎኝ የተግባረ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ልብ መባል ያለበት የትምህርት ቤቱ ዓይነት ነው። የእጅ ሙያና ጥበብ ጎን ለጎን የሚሰጡበት ቤት እንጂ በቅርስና በክብር የታጠረ አካዳሚ አልነበረም። የሚያስቡት አብስትራክት ሥዕል ሕይወት ያገኘው እዚያ ነው። አገር ቤት ሲመለሱ "ይህ ምንድን ነው?" ተብለው መጠየቃቸው አልቀረም፤ ግን በዚያ ጥያቄ ውስጥ ሆነው የኢትዮጵያን ሥዕል ለወጡት።

እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። በ1955 የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝተው ሎንደን ገቡ፤ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶችንም አዩ። ሁለት ዓመት ቆይተው ወደ ፓሪስ ተሻገሩ። ዘጠኝ ዓመት ያህል የኖሩባት ፓሪስ ከክፍል ውስጥ ይልቅ በክፍሉ ውጭ አስተማረቻቸው። ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የሚገናኙባት፣ የጥቁር ሕዝብ ጥያቄ የሚነሳባት ከተማ ነበረች። እንደ ኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ያሉ ሠዓሊዎችን ሥራ ያወቁት እዚያ ነው። የግዕዝን የጥቅልል ክታብ ከምዕራብ አፍሪካ ምልክቶች ጋር በአንድ ሸራ ላይ ያገናኘው እጅ በዚያ ሰፈር ተሟሸ።

ሦስቱም በሁለት ነገር ይመሳሰላሉ። አንደኛ፣ ሁለቱ በሌላ ትምህርት ጀምረው የቀየሩ ሲሆን ሦስተኛው ከተማና ትምህርት ቤት የቀያየሩ ናቸው። የመጀመሪያው ምርጫ የመጨረሻው አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሦስቱም የሄዱበትን ቤት ቅጂ ይዘው አልተመለሱም።

▪️ በሩን አገር ቤት የከፈቱት

አራተኛው ሰው አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤት ተምረው በ1954 ገደማ ተመለሱ። ሌሎቹ ሸራቸውን ሲዘረጉ እሳቸው የያዙት ጥያቄ "የሚቀጥለው ልጅ የት ይማር?" የሚል ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የተማሪው ዕድል በንጉሡ ስኮላርሺፕ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ቀረ። የትምህርት ቤቱን ጉልበት የሠሩት ግን መምህራኑ ናቸው። ገብረክርስቶስ ከኮሎኝ፣ እስክንድር ከፓሪስ መጥተው አስተማሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐንሰን ባሂያ የሚባለው ጀርመናዊ በእንጨት ቀረጻ የሚታተም ሥዕልን አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበሩት ዘሪሁን የትምጌታ የእንጨቱን ጥበብ ከሸማ ጥልፍና ከቀርከሃ፣ ከክታብ ምልክት ጋር አዋህደው የራሳቸው አደረጉት።

በደርግ ዘመን የውጭው መንገድ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ። በ1953 ወልዲያ የተወለዱት ታደሰ መስፍን የጀውሃ ሰው የሚያውቀው መንገድ ልጅ ናቸው፤ ይኸው የደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ወልዲያ ይደርሳል። አዲስ አበባ ተምረው ወደ ሌኒንግራድ ሄዱ፤ ተመልሰው ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ሌኒንግራድ የሰውን አካል በትክክል የመሣል ጽኑ ሙያ ሰጠቻቸው። እሳቸው ያንን ሙያ ይዘው የሣሉት ግን የገበያ ሴቶችን ነው፤ መሬት ላይ ሸቀጣቸውን ዘርግተው የሚቆሙትን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን።

የእሳቸው ተማሪ የነበረው ተስፋዬ ኡርጌሳ ከአዲስ አበባ በኋላ ሽቱትጋርት ተማረ። በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት የወከላት እሱ ነው። በሌላ በኩል፣ በ1990 ከዚያው ትምህርት ቤት በግራፊክስ የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ሥራውን የገነባው አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ነው፤ ከመርካቶ በተሰበሰበ የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂና በክር። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ቀረ። ሁለቱም ደረሱ።

▪️ ታሪኩ ለሚመርጥ ሰው የሚለው

መጀመሪያ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ስም ይልቅ መምህሩን ማየት። የአለ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ ያፈራቸው ሰዎች የወጡት ከሕንፃው አይደለም፤ ከገብረክርስቶስ፣ ከእስክንድርና ከሐንሰን ባሂያ እጅ ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ የሚያመለክትበትን ቤት መምህራን ሥራ አይቶ፣ ተመራቂዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቆ መወሰን ይችላል። ይህ ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ሥዕል አንድ ሙያ አለመሆኑን ማወቅ። ሠዓሊነት፣ ቅርፃ ቅርፅ፣ ግራፊክ ዲዛይንና ፋሽን የተለያዩ በሮች ናቸው። በጨርቅና በልብስ የሚያስብ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እንዳለው ቢያውቅ፣ አዲስ አበባ ብቻ እያየ ዓመት አያባክንም። ገብረክርስቶስ የመረጡት የተግባር ትምህርት ቤት መሆኑም እዚህ ላይ ይታወስ።

ሦስተኛ፣ ይዞ መግባት። የሥዕል ትምህርት ቤት በፈተና ነጥብ ብቻ አይቀበልም፤ እጅን ያያል። ከጀውሃ የሚነሳ ልጅ አንድም የሥዕል መምህር ሳያገኝ ከአዲስ አበባ ልጅ እኩል ይፈተናል። ሆኖም የአዲስ አበባው ልጅ የሌለው ነገር አለው፦ የገበያው ቀን ግመልና ማሽላ፣ የቆላው ብርሃን፣ የአፋፉ ጥላ፣ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚሰማበት መንገድ። በየቀኑ የሣለውን ጠብቆ ያስቀመጠ ልጅ ፈተና ላይ ባዶ እጁን አይቀርብም።

አራተኛው መራር ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ጥሩ ኑሮን ዋስትና አይሰጥም። አፈወርቅ ከመንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ትልልቅ ሥራ አገኙ፤ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ሽልማት የተቀበሉት ገብረክርስቶስ ግን በ1981 በስደት፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ አረፉ። ተሰጥኦ አልለያያቸውም፤ ትምህርትም አልለያያቸውም። ዘመንና ፖለቲካ ነው የለያያቸው። ስለዚህ የአባትየው ፍርሃት ባዶ አይደለም። መልሱ ፍርሃቱን መሳደብ ሳይሆን ከሥዕሉ ጎን የሚያበላ ሙያ፣ ማስተማርም ሆነ ዲዛይን፣ እንዲታሰብበት ማድረግ ነው።

▪️ የቀረው ዕዳ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእስክንድር ስም ለኮሌጅ ተሰጥቶ ነበር፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የአለን ስም ይዟል፤ የዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በገብረክርስቶስ ተሰይሟል። ማክበሩ መልካም ነው። ግን እነዚህ ሰዎች የሚከበሩበት ከተማ ከጀውሃ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማበርን ዋሻ በርግዶ ደጋ ሲወጣ ብቻ ነው ልጁ የሥዕል ትምህርት ቤት ወዳለበት ዓለም የሚገባው። የትራንስፖርቱ፣ የቤት ኪራዩና የቀለሙ ዋጋ የቤተሰቡ ዕዳ ነው።

የአንኮበሩን ልጅ ያዳነው አጋጣሚ ነበር። ማዕድን እንዲማር የላከው መንግሥት ሥዕል ተምሮ ቢመለስ አልጣለውም፤ እጁን ያዩ መምህራንም አጠገቡ ነበሩ። አለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት የከፈቱት አጋጣሚ በቂ እንዳልሆነ ስለገባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል። ሸዋ ሮቢት ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን እርሳስ አያያዝ የሚያሳይ አንድ መምህርና አንድ ክፍል ቢኖር፣ "የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሳቱ በፊት ግማሹ ይመለሳል። ያ እስኪሆን ደብተር ላይ የሚሥል ልጅ ያላት እናት ቢያንስ አንድ ነገር ማድረግ ትችላለች፦ ደብተሩን አትጣለው።