የዳታ ፍጥነት አሃዶች ልወጣ

የዳታ ፍጥነት አሃዶች ልወጣ በአንድ ሰከንድ የሚተላለፈውን የመረጃ መጠን ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው፣ በተለይም ከቢት ወደ ባይትና ከባይት ወደ ቢት፣ የመመንዘር ስሌት ነው። ቢት የመረጃ የመጨረሻዋ ትንሽ ክፋይ ናት፤ ዋጋዋ 0 ወይም 1 ነው። ስሙን ያወጣው አሜሪካዊው ጆን ቱኪ ሲሆን፣ ያስተዋወቀው ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፉ ነው። ባይት የሚለውን ቃል ደግሞ የአይቢኤም ባለሙያ የነበረው ወርነር ቡክሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1956 ፈጠረው። በመጀመሪያ አንድ ባይት ስንት ቢት እንደሚይዝ ከማሽን ማሽን ይለያይ ነበር። 8 ቢት ሆኖ የጸናው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን ኮምፒዩተር ካወጣ ወዲህ ነው።

ለመንዝ ሰው የመለኪያ እንዲህ መለያየት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የእህል መስፈሪያው ቁናም ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበርና፣ ገብስ ሸማቹ የየትኛው ገበያ ቁና እንደሆነ ሳያውቅ ዋጋ ቢቆርጥ የሚጎዳው ራሱ ነው። ዛሬ በመንዝ፣ በዘመሮ ከተማ ስልኩን ይዞ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ፊት የቆሙት ሁለት ቁናዎች ቢትና ባይት ናቸው። የተንቀሳቃሽ ስልክ ጥቅል የሚሸጠው በሜጋባይትና በጊጋባይት ነው፤ የሚለካው የሚተላለፈው መጠን ነውና። የመስመር ፍጥነት ግን የሚነገረው በሜጋቢት በሰከንድ ነው። በአፍ ሲነገር ሁለቱም "ሜጋ" ይባላሉ፤ ሜጋ ማለት ደግሞ እዚህ ላይ ሚሊዮን ማለት ብቻ ነው። የምን ሚሊዮን እንደሆነ የሚነግረን የተቆረጠው ጭራ ነው።

በላቲን ፊደል ቢት በትንሹ ቢ፣ ባይት በትልቁ ቢ ይለያሉ። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሊያሳጥር ከሞከረ ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ "ሜጋቢት በሰከንድ" ወይም "ሜጋባይት በሰከንድ" ብሎ ሙሉውን መጻፍ አለበት። የጸሐፊ ድካም ጥቂት ነው፤ የአንባቢው ስሕተት ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ቢት ወደ ባይት ሲመነዘር በ8 ይካፈላል፤ ባይት ወደ ቢት ሲመነዘር በ8 ይባዛል። 10 ሜጋቢት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። እንበልና አንድ የዘመሮ ተማሪ 45 ሜጋባይት የሚመዝን የመማሪያ መጽሐፍ ሊያወርድ ፈለገ። 45 በ8 ሲባዛ 360 ሜጋቢት ይሆናል። 2 ሜጋቢት በሰከንድ በሚሰጥ የሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ 180 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስልኩ ወደ ሁለተኛው ትውልድ ወርዶ 200 ኪሎቢት በሰከንድ ብቻ ቢያገኝ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። 20 ሜጋቢት በሰከንድ የሚሰጥ አራተኛ ትውልድ ካገኘ ደግሞ 18 ሰከንድ ይበቃዋል። ኢንተርኔት ለአገራችን ሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. በስልክ መስመር ነበር፤ በኋላ የመጡት ፈጣን የተባሉ ሞደሞች ጣሪያ 56 ኪሎቢት በሰከንድ ሲሆን፣ ይኸው መጽሐፍ በዚያ መስመር 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር።

ሌላው የስሕተት በር ኪሎ የሚለው ቃል ነው። በፍጥነት መለኪያ ኪሎ 1,000፣ ሜጋ 1,000,000፣ ጊጋ 1,000,000,000 ነው፤ በዚህ የቴሌኮም ሰዎች አይከራከሩም። የኮምፒዩተር ማስታወሻ ግን የሚቆጠረው በ2 ርቢ ስለሆነ 1,024ን ኪሎ ማለት ለረጅም ጊዜ ተለመደ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ለነዚህ ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ የሚሉ የራሳቸውን ስሞች አወጣላቸው። 1 ሜቢባይት በሰከንድ 8.388608 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። 64 ጊጋባይት የተጻፈበት ፍላሽ በዊንዶውስ 59.6 ገደማ ብሎ የሚታየውም ዊንዶውስ በጊቢ ቆጥሮ ጊጋ ብሎ ስለሚጽፈው ነው። ከፍላሹ የጎደለ ነገር የለም።

ከቢት በሰከንድ ጋር የሚምታታው ሌላ መለኪያ ባውድ ነው። ባውድ በፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ በኤሚል ቦዶ የተሰየመ ሲሆን፣ የሚቆጥረው በሰከንድ የሚላኩትን ምልክቶች እንጂ ቢቶችን አይደለም። አንድ ምልክት ብዙ ቢት ሊሸከም ይችላል፤ 2,400 ቢት በሰከንድ የሚልኩ የድሮ ሞደሞች 600 ባውድ ነበሩ፣ እያንዳንዱ ምልክት 4 ቢት ተሸክሞ። ለመንዝ ደጋ ይህ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንቴናው ፊት ለፊት በሚታይበት ሜዳ የአራተኛው ትውልድ ስልክ በአንድ ምልክት 6 ቢት ሊቀበል ይችላል። ሰውየው ወደ ገደሉ ሲወርድና ሸንተረሩ ሲጋርደው፣ ኔትወርኩ መልእክቱ እንዳይበላሽ ጭነቱን ይቀንስና በአንድ ምልክት 2 ቢት ብቻ ይልካል። የምልክቶቹ ቁጥር ሳይቀንስ ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። የገዛው ጥቅል ግን በባይት የተቆጠረ ነውና አንዲትም አትቀነስበትም፤ የሚረዝመው ጊዜው ነው።

በ8 ማካፈል የሚሰጠው ግን የፍጥነቱን ጣሪያ ብቻ ነው። መረጃ የሚጓዘው እሽግ እሽግ ሆኖ ሲሆን፣ በተለመደው 1,500 ባይት እሽግ ውስጥ 40 ባይቱ የአድራሻና የቁጥጥር ጽሑፍ ነው፤ ለፋይሉ የሚቀረው 1,460 ነው። በቀድሞው የሴሪያል መስመር ለእያንዳንዱ 8 ቢት አንድ መነሻና አንድ መድረሻ ቢት ይታከልበት ስለነበር ባለሙያዎች በ10 ያካፍሉ ነበር፤ 9,600 ቢት በሰከንድ 960 ባይት ያደርስ ነበር። በዛሬው መስመር የሚጠፋው ያን ያህል አይደለም። የተማሪው መጽሐፍ በ2 ሜጋቢት መስመር በ180 ሰከንድ ፈንታ በ185 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ መስመሩን የሚሻማው ሌላ ሰው ከሌለ።