የአሮጌ ስቴሪዮ ሬሲቨር ካፓሲተር ቅየራ

የካፓሲተር ቅየራ፣ የራዲዮ መቀበያን፣ ድምፅ አጉሊንና የሸክላ ማጫወቻ መግቢያን በአንድ ሣጥን በያዘ አሮጌ ሬሲቨር ውስጥ ያረጁ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችን በአዲስ የመተካት ጥገና ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በብዛት የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሲሆን ማራንትዝ፣ ፓዮኒርና ሳንሱይ ከታወቁት ስሞች መካከል ናቸው። በኢትዮጵያ ዘመኑ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን (እ.ኤ.አ. 1969) አቋቁሞ የአዲስ አበባን ሙዚቃ በሸክላ ያሳተመበት ነው። እነዚያን ሸክላዎች በዘመናቸው መሣሪያ መስማት የፈለገ ሰው ሬሲቨሩን ከሶኬት ከመሰካቱ በፊት የካፓሲተር ጉዳይ ይገጥመዋል።

እርጅናው

ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር አብረው የተጠቀለሉ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎችና በመካከላቸው ኤሌክትሮላይት በተባለ ፈሳሽ የራሰ ወረቀት አለው። ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክለው ወረቀቱ ሳይሆን በአንደኛው ንጣፍ ላይ ያለው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ፈሳሹ በጎማ መክደኛው በኩል በዓመታት ብዛት ይተናል። ሲደርቅ የካፓሲተሩ አቅም ይቀንሳል፤ የውስጥ ተቃውሞው ደግሞ ይጨምራል። በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል።

ምልክቱ ቀድሞ የሚሰማው ከኃይል ክፍሉ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ሞገድ በ100 ኸርዝ ጉምጉምታ ሆኖ በስፒከሩ ይወጣል። የድምፅ ማስተካከያው ወደ ዜሮ ቢዞርም ጉምጉምታው ካልጠፋ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ትልልቆቹ የማጣሪያ ካፓሲተሮች ናቸው። በድምፅ መንገድ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ሲደክሙ ግን አንዱ ጎን ይዳከማል፤ ወፍራሙ ድምፅም ይሳሳል።

ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የተቀመጠ መሣሪያ በየቀኑ ከሚሠራው ይልቅ ሊያሰጋ ይችላል። ቮልቴጅ ሳያገኝ የቆየ የኦክሳይድ ሽፋን ይዳከማል፤ በድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ሲመጣበት ብዙ ኤሌክትሪክ ያሾልካል፣ ካፓሲተሩም ይግላል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል።

የአካባቢው ሁኔታ

ከውጭ አገር የመጣ ሬሲቨር ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ 120 ቮልት ነው የሚጠብቀው። በቀጥታ በ220 ቮልት ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። አንዳንዶቹ በጀርባቸው የቮልቴጅ መምረጫ አላቸው፤ እሱን ማየት ከሁሉም ይቀድማል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። እንደ ላሊበላና ገነተ ማርያም ባሉ የላስታ ደጋማ ቦታዎች፣ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ከመሣሪያው ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። የደጋው ብርድ ይህን በከፊል ያካክሰዋል። በላዩ የሚደረበው ዳንቴል ግን የሙቀት መውጫውን ይሸፍናል፤ ለቤቱ ጌጥ ቢሆንም ለካፓሲተሩ አይበጅም።

ቅየራው

መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የማጣሪያ ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ይቆያል። በ40 ቮልት የተሞላ ባለ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 8 ጁል ይይዛል። በ100 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ከ5 ሰከንድ በላይ በማገናኘት ባዶ ይደረግና በመልቲሜትር ይረጋገጣል። በጠመንጃ መፍቻ ማጋጨት የተለመደ አቋራጭ ቢሆንም ቦርዱንም ዓይንንም ይጎዳል።

አዲሱ ካፓሲተር ተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ እኩል ወይም የሚበልጥ ቮልት ሊኖረው ይገባል፤ በ105 ዲግሪ የተመዘነው ከ85ቱ ይመረጣል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ ይፈነዳል፤ ስለዚህ የቦርዱን ፎቶ አስቀድሞ ማንሳት ብዙ ያድናል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነቅሎ መለወጥ ግን አይመከርም። የሴራሚክና የፕላስቲክ ካፓሲተሮች በዚህ መንገድ ስለማይደርቁ አብዛኛውን ጊዜ አይነኩም። በራዲዮው ማስተካከያ ክፍል ያሉትን ያለ ምክንያት መንካትም የጣቢያዎቹን ቦታ ያዛባል። አንድ ክፍል ተቀይሮ ከተሞከረ በኋላ ወደ ቀጣዩ ቢታለፍ፣ ስህተት ሲፈጠር የት እንደሆነ ይታወቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ በመብራት መስመሩ ላይ በተከታታይ በገባ ባለ ክር አምፖል በኩል ይደረጋል። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ በደማቁ ከቀጠለ ሾርት አለ ማለት ነው። ከዚያም ስፒከር ሳይገናኝ በመውጫው ላይ ያለው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለካል፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከሩ ሊገናኝ ይችላል። ብዙ ቮልት ከታየ ግን የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ሳይጎዱ አልቀረም፤ የብዙዎቹ ምርት ስለተቋረጠ ምትካቸውን ማግኘት ከካፓሲተር ይልቅ ይከብዳል።