ትልቅ ባትሪ ለአሮጌ መኪና፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ ሳር ቤት የወሰደኝ የሜትር ታክሲ ሹፌር የሚነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። መንገድ ላይ አንድ ማደያ ደጃፍ የተኮለኮለውን ሰልፍ አይቶ ፈገግ አለ። «እኔ ከዚህ ተገላግያለሁ» አለኝ። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ ግን ጨዋታው ተቀየረ። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሞተር ቢሆን ሶማሌ ተራ ወርጄ ሌላ ፈልጌ አስገባለሁ። ይሄ ባትሪ ሲደክም ግን ማን ነው የሚከፍተው?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ማንበብ ስጀምር ግን ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነ ገባኝ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠየቅ ኖሯል። መልሱም በየዘመኑ የተወሰነው በኬሚስትሪ ብቻ አይደለም፤ ባትሪውን የመክፈትና የመቀየር ሥልጣን በማን እጅ ነው በሚለው ጭምር ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ይህንን ታሪክ ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

1. ባትሪው ራሱን የቻለ ዕቃ በነበረበት ዘመን

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እየተሞላ ደጋግሞ የሚያገለግለውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በ1859 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። በ1881 ጉስታቭ ትሩቬ በባትሪ የምትሄድ ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ በፓሪስ ጎዳና ላይ ነዳ። በ1897 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ሥራ ጀመሩ።

የእነዚያ ታክሲዎች ባትሪ በጣም ከባድ ነበር። ተሞልቶ እስኪያልቅ ቆሞ መጠበቅ ደግሞ ለታክሲ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ባለቤቶቹ ባትሪውን እንደ መሳቢያ አደረጉት። መኪናው ጣቢያ ሲገባ ያለቀው በማሽን ተጎትቶ ይወጣል፣ የተሞላው ይገባል፣ ታክሲው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ከዚያ የባሰ ብልህ ሐሳብ የመጣው ከሃርትፎርድ ከተማ የመብራት ኩባንያ ነው። በ1910ዎቹ የከተማው ነጋዴ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ያለ ባትሪ መግዛት ይችል ነበር። ባትሪውን የሚያቀርበውና የሚቀይረው የመብራት ኩባንያው ሲሆን፣ ባለ መኪናው ወርሃዊ ክፍያና በተጓዘበት ማይል ልክ ይከፍላል። አገልግሎቱ እስከ 1924 ቆይቶ መኪኖቹ በድምሩ ከ6 ሚሊዮን ማይል በላይ ተጉዘውበታል። ባትሪው ቢደክም የኩባንያው ጭንቀት እንጂ የነጋዴው አልነበረም።

በዚያው ዘመን ቶማስ ኤዲሰን የኒኬልና የብረት ባትሪውን ለገበያ አቀረበ። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለው መኪና አምራች ከ1911 ጀምሮ ገዢው እንዲመርጥ አደረገ፤ የተለመደው የእርሳስ ባትሪ፣ ወይም ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ የኤዲሰንን። አንዲት የኤዲሰን ባትሪ የተገጠመላት ዲትሮይት ኤሌክትሪክ በሙከራ ላይ በአንድ ሙሌት 211 ማይል፣ ማለትም 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳለች። ይህ ቁጥር ከዛሬዎቹ ብዙ መኪኖች ጋር የሚፎካከር ነው።

ታዲያ ምን ገደላቸው? በ1908 የመጣው የፎርድ ሞዴል ቲ ዋጋው ከዓመት ዓመት እየረከሰ ሄደ። በ1912 ካዲላክ በእጅ ከመጠምዘዝ የሚገላግል የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠመ። ነዳጅ አሸነፈ፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረሳ።

2. አንድ አካል፣ ሁለት ባትሪ፣ ባለቤት የሌለው መኪና

በ1996 ጄኔራል ሞተርስ ኢቪ1 የተባለችውን መኪና አወጣ። የመጀመሪያዎቹ የእርሳስ ባትሪ ነበራቸው። በ1999 ሁለተኛው ትውልድ ሲመጣ የኒኬልና ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ቀረበ፤ መኪናዋ የምትሄደው ርቀትም በግልጽ ጨመረ። ያው አካል፣ ያው ሁለት መቀመጫ፤ የተለየው ባትሪው ነው።

ነገር ግን ኢቪ1 ለማንም አልተሸጠችም። የተሰጠችው በኪራይ ብቻ ነበር። 1,117 ተሠርተው፣ ኩባንያው ፕሮግራሙን ሲዘጋ አብዛኞቹን ሰብስቦ አስጨፈለቃቸው። «እንግዛችሁ» ብለው የለመኑ ተከራዮች ነበሩ፤ አልተሳካላቸውም። ጥቂቶቹ ለሙዚየምና ለዩኒቨርሲቲ ተሰጡ፣ እነሱም እንዳይነዱ ተደርገው። የሚሻሻል መኪና እንኳ ቢሆን ባለቤቱ አንተ ካልሆንክ ማሻሻሉ ያንተ ውሳኔ አይደለም።

3. ሊፍ እና የአሪዞና ፀሐይ

ለሹፌሩ ጥያቄ በጣም የሚቀርበው ታሪክ የኒሳን ሊፍ ነው።

ሊፍ በዲሴምበር 2010 ለገበያ ቀረበች። ባትሪዋ 24 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። ኪሎዋት ሰዓትን የሰልባትዮውን መጠን እንደሚነግረን ሊትር ቁጠሩት። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በአንድ ሙሌት 117 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። ባትሪዋ ግን የውኃ ማቀዝቀዣ አልነበረውም።

በ2012 በአሪዞና በረሃ የሚኖሩ ባለ መኪናዎች መጮህ ጀመሩ። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን ጤና የሚያሳዩት 12 መስመሮች አንድ በአንድ እየጠፉ ነበር። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የሊትየም ባትሪ በሞቀ ቁጥር ውስጡ የማይፈለግ ኬሚካዊ ለውጥ ይፋጠናል፣ የሚይዘው ጉልበትም እስከ ወዲያኛው ይቀንሳል። ክስ ተመሠረተ፣ ኒሳንም የአቅም ዋስትና ለመስጠት ተገደደ። በ2014 በአሜሪካ አሮጌውን ባትሪ ለሚያስረክብ ሰው አዲሱን በ5,499 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ። ባትሪው ግን ያው 24 ነው።

ከዚያ በኋላ በ2016 ባለ 30፣ በ2018 ባለ 40፣ በ2019 ባለ 62 ኪሎዋት ሰዓት ሊፍ ወጣች። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ይህን ሲያዩ የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነው፦ የአዲሲቷ ባትሪ በአሮጌዋ ሆድ ሥር አይገባም?

ይገባል። የ24ቱ ባትሪ ውስጥ 192 ሴሎች አሉ፤ በ40ውም ውስጥ 192። የተለየው እያንዳንዱ ሴል የሚይዘው ጉልበት ነው። ሁለት ሁለት ሴል ተጣምሮ 96ቱ ጥንድ በተከታታይ ስለሚያያዝ በሁለቱም ቮልቴጁ 350 አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ልዩነት አያገኝበትም። የሁለቱ ሣጥን ቅርጽ ተቀራራቢ ነው፣ ክብደታቸውም 300 ኪሎ አካባቢ። መኪናዋ ትነሣለች፣ ከሥር ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ አንዱ ወርዶ ሌላው ይወጣል። የ62ቱ 288 ሴሎች አሉት፤ ቮልቴጁ ያው ቢሆንም ስለሚወፍርና ስለሚከብድ ማቀፊያ ብረትና የሞላ ነገር ማሰብ ይጠይቃል።

ችግሩ ብሎን ላይ አልነበረም፣ ቋንቋ ላይ እንጂ። ባትሪው የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ ያ ኮምፒውተር ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር በየቅጽበቱ ያወራል። አሮጌዋ መኪና የማታውቀው ባትሪ ሲናገር አታምነውም፤ ወይ አልነሣም ትላለች፣ ወይ ቁጥሩን ታዛባለች። ኒሳን ይህን ትርጉም አዘጋጅቶ ለቀድሞ ደንበኞቹ በሰፊው አላቀረበም። ሥራውን የሠሩት በየአገሩ የተበተኑ መካኒኮችና ኤሌክትሮኒክስ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ የሚለዋወጡትን መልእክት እየጠለፉ አነበቡ፣ ከዚያም መሐል ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሰሌዳ ሠሩ። ሰሌዳዋ አስተርጓሚ ናት፤ የአዲሱን ባትሪ ወሬ በአሮጌዋ መኪና ቋንቋ ታቀርባለች። ባትሪው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከተጋጩ መኪኖች ላይ ነው። የ2018ቷ ሊፍ በዚያው መለኪያ 243 ኪሎ ሜትር ትሄድ ስለነበር፣ ይህን ባትሪ ያገኘች አሮጌ ሊፍ ርቀቷን ወደ እጥፍ ታስጠጋለች።

ይህ ሥራ ከደራባቸው አገሮች አንዷ ኒውዚላንድ መሆኗ አያስገርምም። እዚያ አብዛኞቹ ሊፎች ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው፤ የአምራቹ እጅ አብሯቸው አልመጣም። ሰው ራሱን ማዳን ነበረበት።

4. የአምራቾቹ ሁለት ፊት

ለፍትሕ ሲባል፣ አምራቾች ሁሉ በሩን አልዘጉም። ቴስላ ለመጀመሪያዋ ሮድስተር በ29,000 ዶላር ትልቅ ባትሪ አቀረበ። ቢኤምደብሊው በ2016 ባለ 33 ኪሎዋት ሰዓት አይ3 ሲያወጣ፣ ባለ 22 የገዙትም በተመረጡ አገሮች እንዲቀይሩ ዕድል ሰጠ። በቻይና ኒዮ ከ2020 ጀምሮ መኪናን ያለ ባትሪ እየሸጠ ባትሪውን ያከራያል፤ ትልቅ ባትሪ የሚፈልግ ደንበኛም በክፍያ ያሳድጋል። የሃርትፎርድ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመለሰ ማለት ነው።

ሌላውን ፊት ደግሞ ፍሎሪዳ አሳየችን። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲቃረብ፣ ቴስላ የአንዳንድ ባለ መኪናዎችን ርቀት ካለበት ቦታ ሆኖ ለጊዜው ጨመረላቸው። እንዴት? ትልቁ ባትሪ ድሮውኑ መኪናቸው ውስጥ ነበር። በሶፍትዌር ተቆልፎ፣ ሰዎቹ የከፈሉት ለትንሹ ነው። ውሉን አውቀው ነው የገዙት። ቢሆንም «ትልቅ ባትሪ» ማለት አንዳንዴ ዕቃ ሳይሆን ፈቃድ መሆኑን ያን ዕለት ዓለም አየ።

አምራቾች «ለደኅንነት ነው» ሲሉ ግማሹ እውነት ነው። 350 ቮልት ይገድላል። የተጎዳ ሊትየም ባትሪ አንዴ ከተቀጣጠለ ለማጥፋት ያስቸግራል። ጓንትና መለኪያ የሌለው፣ ያልሠለጠነ ሰው ሊነካው አይገባም። ግን መልሱ ማሠልጠን ነው ወይስ ሣጥኑን ማሸግ?

5. ወደ እኛ ሰፈር

በጃንዋሪ 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ አስታወቁ። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከባድ ነው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድባችንም ተመርቋል። ውሳኔውን አልቃወምም።

የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። በዓለም ላይ የተለመደው የባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዋስትናው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው መኪናው በተሸጠበት አገር ነው። ቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በየመንገዱ ታገኙታላችሁ። በ2024 የገቡት መኪኖች 8 ዓመት የሚሞላቸው በ2032 ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ታክሲዎች ኪሎ ሜትሩን ከዚያ በፊት ይጨርሱታል። የአሪዞናንም ትምህርት እንዳንረሳ፤ ለአዲስ አበባ አየር የተመቸ ባትሪ ድሬዳዋና ሰመራ ላይ ሌላ ዕጣ ሊገጥመው ይችላል።

ደግነቱ ጊዜ ከእኛ ጋር ነው። በ2010 የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አማካይ ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2024 ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ 115 ዶላር ብሎታል። ዛሬ የገባች መኪና ባትሪዋ በሚደክምበት ዓመት የተሻለው ባትሪ ረክሶ ሊጠብቃት ይችላል፤ ሣጥኑን የሚከፍትና ቋንቋውን የሚያውቅ ካለ።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በእኔ እይታ አሁን መጀመር ያለባቸው አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ መኪና በብዛት የሚያስገባ ሁሉ የባትሪውን መመርመሪያ ሶፍትዌርና የጥገና መመሪያ አብሮ እንዲያስገባ ይገደድ። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የመኪና ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው በሕግ ደንግጓል፤ እኛም የምንጠይቀው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር እንደሚጻፈው ሁሉ የባትሪው ቁጥርና መጠን ይጻፍ፤ ሲቀየርም ሕጋዊ መንገድ ይኑረው። ሕጋዊ መንገድ ከሌለ ሥራው ጓሮ ይገባል፣ አደጋውም አብሮት።

ሦስተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚነካ መካኒክ ያሠልጥኑ፣ የምስክር ወረቀትም ይስጡ። መለዋወጫ ባትሪም ከመኪናው የከፋ ቀረጥ አይጫንበት።

አራተኛ፣ የወረደው ባትሪ ቆሻሻ አይባል። ኒሳንና ሱሚቶሞ ያቋቋሙት ድርጅት ከ2018 ጀምሮ ፉኩሺማ ውስጥ ናሚዬ ከተማ ላይ የሊፍ ባትሪዎችን እየለየ ያድሳል። ለመኪና የደከመ ሴል መብራት ሲጠፋ አንድ ሱቅ ወይም ጤና ጣቢያ ለማቆም አቅም አለው።

ሶማሌ ተራ በአንድ ቀን አልተፈጠረም። መካኒኮቻችን የጣሊያኑን፣ የጀርመኑን፣ የሩሲያውንና የጃፓኑን መኪና ያኖሩት ፈትተው ማየት ስለቻሉ ነው። ያን ሹፌር ዳግም ባገኘው የምነግረው ይህንን ነው፦ ባትሪህን የሚከፍተው ሰው ምናልባት ዛሬ የሆነ ጋራዥ ውስጥ ተለማማጅ ነው። መማር የሚችልበትን በር ከፍተን እንጠብቀው ወይስ ቆልፈን፣ ያ ግን የእኛ ውሳኔ ነው።