ስንሰላ-ወለድ መሰባሰብ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ወርዶ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ የበላ ሰው እጁን በውሃ ብቻ ቢታጠብ ቅባቱ አይለቀውም፤ ሳሙና ሲጨምር ግን ይለቃል። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ይሸሻል። ሸሺዎቹ ጫፎች ቅባቱን ከበው ወደ ውስጥ ይሰባሰባሉ፤ ወዳጆቹ በውጭ ቀርተው ከውሃው ጋር ይዘውት ይሄዳሉ። ሰብሳቢ አላስፈለጋቸውም።

ኬሚስቶች በዚህ ጠባይ ተጠቅመው ናኖ ቅንጣት የሚሠሩበት ዘዴ “ፖሊመራይዜሽን-ኢንዲውስድ ሰልፍ-አሰምብሊ” ይባላል፤ በአጭሩ “ፒሳ”። በአማርኛ “ስንሰላ-ወለድ መሰባሰብ” ብንለው ያምርበታል። ከ“መረመረ” ምርመራ እንደሚወጣ፣ ከ“ሰነሰለ” ስንሰላ ይወጣል፤ ሞኖመር የሚባሉትን ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ማያያዝ ማለት ነው። “ወለድን” ከውሃ ወለድ በሽታ እናውቀዋለን። “በራስ” የሚል ቃል መጨመርም አያሻም፤ “ሰበሰበ” ካልን ሰብሳቢ አለ፣ “ተሰባሰቡ” ካልን ግን ሥራው የራሳቸው የተሰብሳቢዎቹ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውሃ ወዳድ ሰንሰለት ይዘጋጃል። በጫፉ ላይ ሌላ ዓይነት ሞኖመር፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜታክሪሌት፣ ይቀጠልበታል። ይህ ሞኖመር ለብቻው ሳለ በውሃ ይሟሟል፤ ተሰናስሎ ሲረዝም ግን ውሃ ይጠላል። ስለዚህ ባለ ሁለት ክፍሉ ሰንሰለት፣ ማለትም ብሎክ ኮፖሊመሩ፣ ገና እያደገ ሳለ ከመሰሎቹ ጋር ይሰባሰባል። ውሃ የሚጠላው ክፍል እየረዘመ ሲሄድ ቅንጣቱ ከድቡልቡል ወደ ትል፣ ከትል ወደ ባዶ ከረጢት ቅርጽ ሊለወጥ ይችላል። የሰንሰለቱን ርዝመት ለመቆጣጠር ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው “ራፍት” የተባለው ስልት ነው፤ የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲሳይሮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ አድርገውታል።

ቀድሞ ፖሊመሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንደገና ይሟሟና እንዲሰባሰብ ይደረግ ነበር፤ ያም ብዙውን ጊዜ የፖሊመሩ መጠን ከ1 በመቶ በታች በሆነበት ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ነበር። አሁን ሁለቱም ሥራ በአንድ ዕቃ፣ ከ10 እስከ 50 በመቶ በወፈረ ፈሳሽ ውስጥ ይከናወናል። ብዙ ምርት በጥቂት ፈሳሽ ይገኛል ማለት ነው።

ጥቅሙን አንድ ምሳሌ ያሳየናል። ትል መሰሎቹ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው ለስላሳ ጄል ይሠራሉ። ከላይ በጠቀስነው ሞኖመር የተሠራ እንዲህ ያለ ጄል ወደ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀዘቅዝ ትሎቹ ወደ ድቡልቡል ተለውጠው ይፈስሳል፤ ያኔ በረቂቅ ማጥለያ አልፎ ባክቴሪያው ይቀርለታል። ሲሞቅ ተመልሶ ይረጋል።

በዓረፍተ ነገር ሲገባ፦ “የጄሉ ቅንጣቶች የተሠሩት በስንሰላ-ወለድ መሰባሰብ ነው።” ሳሙናን የሚያውቅ ተማሪ የዚህን ዓረፍተ ነገር ግማሹን ከእጁ መታጠቢያ ያውቀዋል፤ ቀሪውን ቃሉ ራሱ ይነግረዋል።