የሆድ ሕመም

የሆድ ሕመም ከደረት በታችና ከብሽሽት በላይ የሚሰማ ሕመም ነው፤ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው።

መንስኤ፦ በልጆች ላይ ወስፋት፣ ጃርዲያ፣ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት ይዘወተራሉ። ሕፃን ልጅ እየቆየ ድንገት እያለቀሰ እግሩን ወደ ሆዱ ከሰበሰበ፣ ካስመለሰና ደም የቀላቀለ ንፍጥ መሰል ሰገራ ካወጣ፣ አንጀቱ እርስ በርሱ ውስጥ መግባቱ ይጠረጠራል። በአዋቂዎች የጨጓራ ሕመም ይበዛል፤ አንዱ ዋና መንስኤው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሐሞትና የኩላሊት ጠጠር፣ የአንጀት መጠማዘዝ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝናም አሉ። የትርፍ አንጀት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ይዞራል።

ምርመራ፦ ሐኪሙ የሕመሙን ቦታና አጀማመር፣ ታካሚዋ ሴት ከሆነች የወር አበባዋን ጠይቆ ሆድ ይዳስሳል፤ እንደ አስፈላጊነቱ የሰገራ፣ የሽንት፣ የደም፣ የእርግዝናና የአልትራሳውንድ ምርመራ ያዝዛል። በአዲስ አበባ ለመካኒሳ ሰፈር ነዋሪ የምርመራው መነሻ ጤና ጣቢያ ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚያሻው በሪፈር ሆስፒታል ይላካል። ለአካባቢው ቅርብ ከሆኑት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ አለርት ነው።

ሆዱ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ደም ያስመለሰ ወይም ፈስና ሰገራ የቆመበት ሰው ማስታገሻ እየዋጠ ቤት መቆየት የለበትም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።